ክንፍህን አወዛውዝ

ስሙኝማ፣ ስለ ሰማይ ሰልፍ ላውጋችሁ።

ሐምሌ ሲጋመስ፣ እኛ ዘንድ ዝናቡ ሲበረታና ወንዙ ሲሞላ፣ አሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ ወቅቱ በጋ ነው። እዚያ ዊኔባጎ በሚባል ሰፊ ሐይቅ ዳር ኦሽኮሽ የምትባል ከተማ አለች። ዊትማን የተባለ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ ስሙን ያገኘው ከስቲቭ ዊትማን ነው፤ አውሮፕላን በገዛ እጁ እየሠራ ይወዳደርበት ከነበረና ማረፊያውን ለረጅም ዓመታት ካስተዳደረ ሰው። ወደዚህ ማረፊያ ትኬት ቆርጦ መሄድ አይቻልም። መደበኛ የአየር መንገድ በረራ የለውምና። ዓመቱን ሙሉ ትንንሽ የግል አውሮፕላኖች ይመጡበታል፣ ይሄዱበታል፤ የመቆጣጠሪያ ማማው ሥራም ረጋ ያለ ነው።

በዚያች በአንዲት የሐምሌ ሳምንት ግን ኦሽኮሽ ሌላ ትሆናለች። ኤር ቬንቸር የሚባለው የአውሮፕላን ትርዒት ይከፈታል። ተመልካቹ በመኪና ይመጣል፤ አውሮፕላን ያለው ደግሞ አውሮፕላኑን እያበረረ ይመጣል። ቁጥሩን ልንገራችሁ፤ ዓመታቱንና ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንደምጠራ ያዙልኝ። በ2023 ከጁላይ 20 እስከ 30 ባሉት 11 ቀናት ብቻ፣ በዊትማን ማረፊያ 21,883 ጊዜ አውሮፕላን ተነሥቷል ወይም አርፏል። ማረፊያው ክፍት ለነበረበት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 148 ገደማ ይደርሳል። በየ24 ሴኮንዱ አንድ ማለት ነው። ይህም አማካዩ ነው፤ ጥድፊያው በሚበረታበት ሰዓት ከዚህም ይበዛል። በዚያ ዓመት ወደ ኦሽኮሽና በዙሪያዋ ወዳሉ ማረፊያዎች የመጡት አውሮፕላኖች ከ10,000 በላይ ነበሩ፤ የሰዉ ቁጥር 677,000 ገደማ ተባለ። ለዚህ ነው በዚያ ሳምንት የኦሽኮሽ ማማ ከዓለም ማማዎች ሁሉ ሥራ የሚበዛበት የሚባለው።

እነዚህን አውሮፕላኖች የሚያበሩት ደግሞ እነማን መሰሏችሁ? አብዛኞቹ በረራ እንጀራቸው አይደለም። ለፍቅሩ የሚበሩ ሰዎች ናቸው። አውሮፕላኖቻቸው ባለ ሁለትና ባለ አራት መቀመጫ፣ አንድ ሞተር ያላቸው፣ አንዳንዶቹ ባለቤቱ ራሱ የገጣጠማቸው ናቸው። አንዱ ፈጣን ነው፣ አንዱ ቀርፋፋ። አንዱ አዲስ ነው፣ አንዱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ። ብዙዎቹ አብራሪዎች ከዚያች ሳምንት ውጭ በአንድ ሰማይ ላይ አሥር አውሮፕላን አብሮ ሲበር አይተው አያውቁም። እንግዲህ ይህን ሁሉ አውሮፕላን ማን ነው፣ በምን ዘዴ ነው፣ ሳያጋጭ የሚያሳርፈው? ወጋችን እሱ ነው።

ከሥሩ ልነሣ። በ1953 ፖል ፖበሬዝኒ የተባለ ወታደር አብራሪ፣ ሚልዋኪ አካባቢ አውሮፕላን መሥራት የሚወዱ ሰዎችን ሰብስቦ ኢ.ኤ.ኤ. የሚባለውን የሙከራ አውሮፕላኖች ማኅበር መሠረተ። እኛው አገር በ2015 አንድ ወጣት በቮልስ ሞተር አውሮፕላን ሠርቶ ለመብረር የሞከረበትን ዜና የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ የእነሱም ፍቅር ያው ነበር፤ በቮልስ ሞተር የሚበር አውሮፕላን በዚያም ማኅበር ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ስብሰባቸው የተመዘገበው ሰው 150 እንኳ አልሞላም። በ1959 ሚልዋኪ ጠበበቻቸውና ኢሊኖይ ውስጥ ወዳለችው ሮክፎርድ ሄዱ። እሷም ጠበበች። በ1970 ኦሽኮሽ ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነቃነቁም። ማኅበሩ አደገ፣ አውሮፕላኑ በዛ፣ ሰማዩ ግን ያው ሰማይ ነው፤ ማኮብኮቢያውም ያው ማኮብኮቢያ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልግባ፤ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ ስሙኝ።

በተለመደው አሠራር አብራሪና ተቆጣጣሪ ይነጋገራሉ። አብራሪው ወደ ማረፊያው ሲቃረብ ስሙን፣ ያለበትን ቦታና የሚፈልገውን በሬዲዮ ይናገራል። ተቆጣጣሪው ትእዛዝ ይሰጠዋል። አብራሪው የሰማውን መልሶ ይደግመዋል፤ ተሳስቶ ሰምቶ እንደሆነ እንዲታረም። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ብዙ ነፍስ አትርፏል። ነገር ግን በአንድ የሬዲዮ ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለት አብራሪዎች እኩል ቁልፉን ከተጫኑ የሚሰማው ጩኸት ነው፤ የሁለቱም ቃል ይጠፋል። አንድ ንግግርና መልሱ አሥራ አምስት ሴኮንድ ቢፈጅ፣ በደቂቃ አራት አውሮፕላን ብቻ ነው የሚስተናገደው፤ ያውም ማንም ሳይደናቀፍ፣ ማንም «ይድገሙልኝ» ሳይል። ከማኮብኮቢያው ይልቅ ቀድሞ የሚጣበበው ይህ ሞገድ ነው።

ስለዚህ የኦሽኮሽ ሰዎች አንድ ከባድ ውሳኔ ወሰኑ። አብራሪው ዝም ይበል፤ ተቆጣጣሪው ብቻ ይናገር። አብራሪው ሰምቷል ወይስ አልሰማም የሚለውን ተቆጣጣሪው በዓይኑ ይወቅ።

ይህ እንዲሆን ግን ሁሉም አብራሪ ከቤቱ ሳይነሣ አንድ ዓይነት ነገር አውቆ መምጣት አለበት። ለዚህ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በየዓመቱ ከ30 ገጽ በላይ የሆነ ማስታወቂያ ያወጣል። የትኛው መንገድ፣ በምን ከፍታ፣ በምን ፍጥነት፣ በየትኛው ሞገድ፣ የትኛው ሐይቅ ዙሪያ እንደሚጠበቅ፣ የትኛው ሜዳ ላይ እንደሚቆም፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። አብራሪዎች አትመው ጭናቸው ላይ ያስሩታል፤ ከመነሣታቸው በፊት ደጋግመው ያነቡታል። ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋናው ጀግና ይህ ወረቀት ነው። ከአላባማ የተነሣና ከሞንታና የተነሣ አብራሪ ተያይተው አያውቁም፤ ግን ሁለቱም አንዱን ገጽ አንብበው ስለመጡ በአንድ መስመር ላይ እየተከታተሉ መብረር ይችላሉ።

እስቲ ሴስና የተባለች አንዲት ነጭና ሰማያዊ ትንሽ አውሮፕላን እንያዝና አብረናት እንሂድ።

ከደቡብ ምዕራብ ትመጣለች። ገና ሩቅ ሳለች አብራሪው የማረፊያውን የተቀዳ የሬዲዮ መልእክት ያዳምጣል፤ የትኞቹ ማኮብኮቢያዎች እየሠሩ እንደሆነ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ሰልፉ ከየት እንደሚጀምር ይነግረዋል። ከዚያ ሪፖን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ያመራል። በነገራችን ላይ ሪፖን የአሜሪካው ሪፐብሊካን ፓርቲ በ1854 የተጠነሰሰው በእኔ ነው የምትል ከተማ ናት፤ ለአብራሪዎች ግን የሰልፉ በር ናት። ከሪፖን ወደ ሰሜን ምሥራቅ የባቡር ሐዲድ ይወጣል። ሐዲዱ እስከ ፊስክ መንደር አሥር ማይል ገደማ ይወስዳል፤ ከፊስክ እስከ ማረፊያው ደግሞ አምስት ስድስት ማይል ይቀራል። አብራሪው ሌላ የረቀቀ መሣሪያ አያስፈልገውም። ሐዲዱን እያየ ይከተላል።

ከሐዲዱ በላይ አብዛኞቹ በአንድ ሰልፍ ነው የሚሄዱት። ከፍታው ከባሕር ወለል 1,800 ጫማ፣ ፍጥነቱ 90 ኖት፣ በሰዓት 167 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት መዝገም የማይችሉት ፈጣኖቹ 2,300 ጫማ ላይ ወጥተው በ135 ኖት ይሄዳሉ። ከፊትህ ካለው አውሮፕላን ግማሽ ማይል ራቅ፤ አትቅደም፤ ጎን ለጎን አትሂድ፤ ርቀት ለማስፋት እየተጠማዘዝህ አትዘግይ። ከፊትህ ያለውን መከተል ካቃተህ ከሰልፉ ውጣና ወደ መጀመሪያው ተመልሰህ እንደገና ተሰለፍ። መብራትህን አብራ። ሬዲዮህን በ120.7 ላይ አድርግና ስማ። አትናገር።

ቁጥሮቹን ልብ ብላችሁ ካያችሁ የተጣሉት በዘፈቀደ አይደለም። በ90 ኖት የሚበር አውሮፕላን ግማሽ ማይል ለመሄድ 20 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ሁሉም ርቀቱን ከጠበቀ ፊስክ ላይ በየ20 ሴኮንዱ አንድ አውሮፕላን ይደርሳል፤ በደቂቃ ሦስት።  ከፍታውም እንዲሁ የተመረጠ ነው። አካባቢው ራሱ ከባሕር ወለል 800 ጫማ ገደማ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ከምድር የሚርቀው 1,000 ጫማ፣ 300 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ርቀት ላይ የአውሮፕላን ቀለም ይለያል፤ ክንፉም ከላይ ይሁን ከታች ይታያል።

ይህ መታየት ነው እንግዲህ ፊስክን ፊስክ ያደረጋት።

ፊስክ ጥቂት ቤቶች ያሏት የገጠር መንደር ናት። በዚያ ሳምንት ግን ከሐዲዱ አጠገብ ከፍ ካለች ቦታ ላይ ተቆጣጣሪዎች ይወጣሉ። አንዱ ማይክሮፎን ይዟል፣ ሌሎቹ ባይኖኩላር። አብራሪዎች ከሩቅ እንዲለዩት ቦታው ላይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ተተክሏል። ዋናው መሣሪያቸው ዓይናቸው ነው። የአውሮፕላኑን የምዝገባ ቁጥር አይጠይቁም፤ የአብራሪውን ስም አይጠይቁም። የሚያዩትን ይጠራሉ። እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ፣ ታርጋ ሳያነቡ በመልክ ነው የሚያውቁት።

ሴስናችን ደረሰች። አንዱ በባይኖኩላር አይቷት ለባለ ማይክሮፎኑ ሹክ ይለዋል። ባለ ማይክሮፎኑ ይቀበላል።

«ነጭና ሰማያዊ፣ ክንፍህ ከላይ የሆነው፣ ፊስክ ልትደርስ ነው፤ ክንፍህን አወዛውዝ።»

አብራሪው መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ይጥላል። አውሮፕላኗ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ከመሬት ይታያል።

«ግሩም አወዛወዝክ! ሐዲዱን ይዘህ ቀጥል፤ ከፊትህ ያለውን ቢጫውን ተከተል፤ አሁን የማማውን ሞገድ አዳምጥ። እንኳን ወደ ኦሽኮሽ በደኅና መጣህ። ቀዩ፣ ክንፍህ ከታች የሆነው፣ ከእሱ ኋላ ያለኸው፤ ክንፍህን አወዛውዝ።»

አያችሁት? ውይይት የለም። አብራሪው ትእዛዙ ለእሱ መሆኑንና መስማቱን በክንፉ አረጋገጠ፤ በሬዲዮ ሞገዱ ላይ አንድ ቃል አላወጣም። በዚያች ቅጽበት ተቆጣጣሪው ሰልፉን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱን በሐዲዱ እንዲቀጥል፣ ሌላውን ወደ ምሥራቅ በፊስክ ጎዳና ላይ እንዲታጠፍ ያደርገዋል፤ እያንዳንዱ መንገድ ወደ አንድ ማኮብኮቢያ ይወስዳል። አንድ ነጠላ ሰልፍ ሁለት ይሆናል፤ ሸክሙም ይከፈላል። እኔ የፊስክን የሬዲዮ ቅጂዎች ባዳመጥሁ ቁጥር የሚገርመኝ የተቆጣጣሪዎቹ ድምፅ ደስታ ነው። ለሰዓታት ያለ ፋታ የሚናገር ሰው እያንዳንዱን እንግዳ እንደ ቤተ ዘመድ ይቀበለዋል። ያ ደስታ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ እጁ ላብ ያራሰው አብራሪ ሲሰማው ይረጋል፤ የተረጋጋ አብራሪ ደግሞ የታዘዘውን በትክክል ይሠራል።

ከፊስክ እስከ ማኮብኮቢያው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ሥራው ግን ይከብዳል።

ዊትማን ሁለት ትልልቅ ማኮብኮቢያዎች አሉት። አንዱ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ፣ 8,000 ጫማ ርዝመት ያለው ነው፤ ሌላው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሆኖ ከ6,000 ጫማ ጥቂት ይበልጣል። ለዚያ ሳምንት ደግሞ ከረጅሙ ጎን ያለው፣ አውሮፕላኖች በመሬት ላይ የሚንቀሳቀሱበት መንገድ እንደ ማኮብኮቢያ ያገለግላል። ግን በየ20 ሴኮንዱ የሚመጣውን ሰልፍ አንዱን አውሮፕላን አሳርፎ፣ እስኪወጣ ጠብቆ፣ ቀጣዩን በማሳረፍ መጨረስ አይቻልም። በተለመደው የአሜሪካ ሕግ ለትንንሾቹ አውሮፕላኖች እንኳ፣ ኋለኛው የማኮብኮቢያውን ጫፍ ሲያልፍ ፊተኛው ከማኮብኮቢያው ካልወጣ ቢያንስ 3,000 ጫማ ርቆ መሆን አለበት። ለኦሽኮሽ ሲባል ይህ ርቀት በልዩ ፈቃድ ይጠባል። ማኮብኮቢያው ላይም ትልልቅ የቀለም ነጥቦች ይቀባሉ፤ ለምሳሌ አረንጓዴና ብርቱካናማ። ረጅሙ ማኮብኮቢያ በነጥቦች ሲከፋፈል አንዱ ለሦስት ይበቃል።

«ነጭና ሰማያዊው ሴስና፣ አረንጓዴው ነጥብ ላይ አሳርፍ። ቀዩ፣ ብርቱካናማው ላይ።»

ይህን መስማት ቀላል ነው፤ ማድረግ ግን አብራሪውን ይፈትነዋል። አብራሪ ሲማር አስፋልት ካየ ጫፉ አካባቢ ማረፍን ነው የለመደው። እዚህ ግን አስፋልቱ ከሥሩ እያለፈ፣ ከፊቱ ሌላ አውሮፕላን እየተንከባለለ፣ እሱ ዝቅ ብሎ እየበረረ ራቅ ወዳለው ነጥብ መሄድ አለበት። ቀድሞ ቢያርፍ ከኋላው የሚመጣውን ያስጨንቃል፤ ዘግይቶ ቢያርፍ ከፊቱ ያለው ላይ ይደርሳል። ካልሆነለት ሞተሩን ከፍቶ እንደገና ይነሣል፤ ተቆጣጣሪውም ያለ ቁጣ መልሶ ያሰልፈዋል። ሲያርፍ ደግሞ «አርፌያለሁ» ብሎ እፎይ ማለት የለም፤ ወዲያው ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ሣሩ ላይ ይገባል። ከኋላው ሌላ አለና።

እነዚህን ትእዛዞች የሚሰጡት ሁሉም ከማማው ላይ አይደሉም። ከማኮብኮቢያው ዳር ተንቀሳቃሽ መድረኮች ይቆማሉ፤ ተቆጣጣሪዎች በቡድን ሆነው እዚያ ላይ ይሠራሉ። የደማቅ ሮዝ ሸሚዛቸው ከሩቅ ይታያል። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ የሚመጣውን ይመለከታል፣ አንዱ ለመነሣት የተሰለፈውን ይይዛል። ማማው ላይ በመስታወት ኋላ ሆኖ ከሩቅ ማየትና ከማኮብኮቢያው አጠገብ ቆሞ ጎማ መሬት ሲነካ ማየት ልዩነት አለው። በዚህ ፍጥነት ያቺ ልዩነት ትፈለጋለች።

ሴስናችን ሣሩ ላይ ገባች። አብራሪው ቀድሞ በትልልቅ ፊደል የጻፈውን ወረቀት መስታወቱ ላይ ያሳያል። አውሮፕላኔ ሥር ድንኳን ተክዬ አድራለሁ የሚል ሦስት ፊደል ብቻ ነው ያለበት። ባንዲራ የያዙ ሰዎች ያዩትና ወደ ሜዳው ይመሩታል። እነዚህ ተቆጣጣሪዎች አይደሉም፤ የትርዒቱ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በዓመት ከ5,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች ይሠራሉ። አውሮፕላን ከክንፍ ክንፍ ተጠጋግቶ በሣር ላይ ይቆማል፤ ማታ ባለቤቱ ክንፉ ሥር ይተኛል። ሜዳው ሲሞላ ሰማዩም ይዘጋል፤ የሚቆምበት የሌለውን አውሮፕላን ማሳረፍ አይቻልምና። በ2010 ከባድ ዝናብ ሜዳውን አጥለቅልቆት አውሮፕላኖቹ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጡ ብዙ እንግዳ ወደ ሌሎች ማረፊያዎች መሄድ ነበረበት።

በሐዲዱ ሰልፍ የማይመጡትን ቶሎ ልለፋቸው። በመሣሪያ የሚበሩ አውሮፕላኖች የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። የጦርነት ዘመን አውሮፕላኖች የራሳቸው መንገድ አላቸው። በውኃ ላይ የሚያርፉት ዊኔባጎ ሐይቅ ላይ ይወርዳሉ። ሄሊኮፕተሮችና በጣም ቀላሎቹ አውሮፕላኖች ለብቻቸው ትንሽ ሜዳ አላቸው። በ2009 ግዙፉ ኤርባስ ኤ380 ራሱ መጥቶ እዚያች ከተማ አርፎ ነበር። ግን የኦሽኮሽ ልብ የሚመታው በሐዲዱ ላይ ባለው ሰልፍ ነው።

ታዲያ ሁሌ እንዲህ ያምራል? አያምርም። በ2018 የሆነውን ልንገራችሁ።

የዚያ ዓመት ትርዒት ሊከፈት ሲል ዓርብና ቅዳሜ ደመናው ዝቅ አለ፣ ዝናብ ጣለ። በዓይን እያየ የሚበር አብራሪ በእንዲህ ዓይነት ሰማይ አይነሣም። ስለዚህ የሁለት ቀን እንግዳ ሁሉ በየከተማው፣ በየትንሹ ማረፊያ ቆሞ ጠበቀ። እሑድ ጁላይ 22 ሰማዩ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሣ። ሪፖን ጋ ያለው ሰማይ ሞላ። ማስታወቂያው እንደሚለው ሰልፉ ሲበዛ አውሮፕላኖች ሐይቅ ዙሪያ እየዞሩ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ግሪን ሌክ፣ ሌላው ሩሽ ሌክ ነው። ያን ቀን የሚዞረው በዛ። ርቀቱን ያልጠበቀ ነበር፣ ከሰልፉ መሐል የሚገባ ነበር፣ ወረቀቱን ሳያነብ የመጣም ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ሰልፉን በትነው ወደ መጀመሪያው መመለስ ነበረባቸው፤ ተበትኖ የተመለሰው ደግሞ ገና እየመጣ ያለው ላይ ይደርሳል። ብዙ አብራሪዎች ነዳጃቸው ሲቀንስ ተስፋ ቆርጠው ሌላ ቦታ አረፉ። ጥበቡ የቆመው ሰው ሁሉ ወረቀቱን አንብቧል በሚል እምነት ላይ ነው፤ ጥቂቶች ሳያነቡ ሲመጡ የሚጎዱት እነሱ ብቻ አይደሉም፣ ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ሁሉ ነው።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩና የአቪዬሽን አስተዳደሩ ቁጭ ብለው መከሩ። ተከትለው በመጡት ዓመታት ሰልፉ እንዲረዝም ተደረገ። እንግዳ ሲበዛ ሰልፉ ሪፖን ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት እንዲጀመር፣ ኤንደቨር ድልድይ፣ ፓካዌ ሐይቅና ግሪን ሌክ የሚባሉ መነሻዎች ተጨመሩ፤ የትኛው እንደሚሠራ በተቀዳው መልእክት ይነገራል። ሰልፉ ረዘም ሲል ክብ እየሠራ የሚጠብቀው ይቀንሳል። ክብ ሠርቶ ከመጠበቅ ተከታትሎ መምጣት ይሻላል፤ ክብ ላይ ማን የማን ኋላ እንደሆነ አይታወቅም፣ ሰልፍ ላይ ግን ሁሉም የሚያየው ከፊቱ ያለውን አንዱን ብቻ ነው።

ስለ ተቆጣጣሪዎቹ ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ይገባቸዋል።

የዊትማን የዘወትር ተቆጣጣሪዎች ይህን ሳምንት ለብቻቸው አይችሉትም። ከመላው አሜሪካ ማማዎችና የራዳር ማዕከሎች ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ታዝዘው ሳይሆን አመልክተው፣ ተወዳድረው ነው የሚመጡት፤ የማይመረጠው ብዙ ነው። ቤታቸው ሲሆኑ ትልልቅ የመንገደኛ ጄቶችን የሚያስተናግዱ ሰዎች፣ እዚህ ሜዳ ላይ ቆመው በፀሐይ እየጠቆሩ፣ በባይኖኩላር ቢጫና ሰማያዊ ሲለዩ ይውላሉ። አዲስ የመጣው ከነባሮቹ ጋር በአንድ ቡድን ይሠራል። ሥራው በትምህርት ቤት የሚያልቅ ስላልሆነ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው።

በ2013 ግን ይህ ሁሉ ሊደናቀፍ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በጀቱን በግዴታ የቆረጠበት ዓመት ነበር። አቪዬሽን አስተዳደሩ ተቆጣጣሪዎቹን ወደ ኦሽኮሽ ለመላክ ማኅበሩ ወጪውን ይክፈል አለ፤ 450,000 ዶላር ገደማ። ትርዒቱ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል፤ ያለ ተቆጣጣሪ ደግሞ ትርዒት የለም። ማኅበሩ ከፈለ፤ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው እንጂ የእኛ ዕዳ አይደለም ብሎም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2014 ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ፤ ማኅበሩም ለዓመታት የሚዘልቅ የክፍያ ውል ገባ። እኔ በበኩሌ የማኅበሩ ቅሬታ ተገቢ ነበር እላለሁ፤ ትንንሽ አውሮፕላኖች በሚገዙት ነዳጅ ላይ ቀድሞውኑ ግብር ይከፍላሉና። የማኅበሩ መሥራች ፖል ፖበሬዝኒ የሞተው በዚያው በ2013 ኦገስት ላይ፣ ያ ትርዒት ካለቀ በኋላ ነው።

አደጋ የለም ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። በ2023 ጁላይ 29 በአንድ ቀን ሁለት አደጋ ደረሰ። አንድ የጦርነት ዘመን ማሠልጠኛ አውሮፕላን ዊኔባጎ ሐይቅ ውስጥ ወድቆ ሁለት ሰዎች ሞቱ። በዚያው ቀን አንድ ሄሊኮፕተርና አንድ ጋይሮኮፕተር ተጋጭተው ሌሎች ሁለት ሰዎች ሞቱ። ሁለቱም የደረሱት በሪፖኑ ሰልፍ ላይ አይደለም፤ ለሟቾቹ ቤተሰብ ግን ይህ ልዩነት ምን ይጠቅማል?  

መሄጃውም እንደ መምጫው በዝምታ ነው። ለመነሣት የሚፈልግ አብራሪ በዓይን እያየ እንደሚበር የሚገልጽ ወረቀት መስታወቱ ላይ ያደርጋል። ባንዲራ የያዘው ወደ ማኮብኮቢያው ይሸኘዋል፤ ተቆጣጣሪው በቀለሙ ይጠራዋል፤ አብራሪው ሳይናገር መስማቱን በእንቅስቃሴ ያሳያል፤ ምልክት ሲሰጠው ይነሣል። ከሰዓት በኋላ የዕለቱ የአየር ላይ ትርዒት ሲጀመር ማረፊያው ለእንግዳ ይዘጋል፤ ማታ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ላይም ለሌሊቱ ይዘጋል። ዘግይቶ የደረሰ እንግዳ በአቅራቢያ ወዳሉት የአፕልተን ወይም የፎንዱላክ ማረፊያዎች ሄዶ ያርፋል፤ የቀረውን መንገድ በመኪና ይመጣል።

ትርዒቱ ሲያልቅ ተቆጣጣሪዎቹ ወደየማማቸው ይመለሳሉ፤ ወረቀቱም ይታረማል። በሚቀጥለው ዓመት ትርዒቱ ሳይደርስ አዲሱ ማስታወቂያ ይወጣል፤ መነሻ ነጥብ ተቀይሮ፣ የሬዲዮ ሞገድ ተጨምሮ፣ የማቆሚያ ሜዳ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። አሥርና ሃያ ጊዜ የሄዱበት አብራሪዎች እንኳ መጀመሪያ የሚፈልጉት ዘንድሮ ምን እንደተለወጠ የሚናገረውን ገጽ ነው።